ኦማሃ፣ ከሮም ቀጥታ ወደ ግራ

ባለፈው መስከረም ለሥራ ጉዳይ ሮም ሄጄ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ነጻ ስሆን በካሲሊና መንገድ የምትመላለሰውን ትንሽ ባቡር ይዤ ቶር ፒኛታራ የሚባለው ሰፈር ወረድኩ። ልጅ ሆኜ የኖርኩበት ሕንፃ ቀለሙ ተቀይሯል። ከሥሩ የነበረው ዳቦ ቤት የባንግላዴሽ ሰዎች አትክልት መሸጫ ሆኗል። የውጭው በር ክፍት ስለነበር ገባሁ። አንዲት ሴት ደረጃውን በበረኪና እያጠበች ነው። ከላይ ከአንዱ ቤት ደግሞ የሚቀቀል ካርቾፊ፣ ያ ጣሊያኖች የሚወዱት እሾሃማ አትክልት፣ ይሸታል። ሁለቱ ሽታዎች ተደባልቀው ሲመጡብኝ አንድ ቃል ከአፌ አመለጠኝ፦

«ሚዙሪ።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ «ምን አልሽ?» አለችኝ በጣሊያንኛ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

ሚዙሪ አሜሪካ ያለ ወንዝ ነው። እኔ የተማርኩት ግን በዚያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። ያስተማሩኝ ሲኞራ ኢኔስ፣ በእኛ አነጋገር ወይዘሮ ኢኔስ፣ ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ከብርሃንና ከጥላ በቀር ብዙም የማያዩ ሴት ነበሩ። እናቴ ጽጌ ነበረች የምትንከባከባቸው። እዚያው የምታድር ሠራተኛ፣ ጣሊያኖች «ፊሳ» የሚሏት ዓይነት ነበረች፤ ዕረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። እኔም ከእሷ ጋር ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ አንድ አልጋ ላይ እተኛ ነበር።

ሲኞራ ለንጽሕና ምሕረት የላቸውም። ማየት ባይችሉም መስኮቱን በጣታቸው ዳብሰው አቧራ ያገኛሉ፤ የአንሶላውን ማዕዘን ይለካሉ። «ቫሬኪና! ጽጌ፣ ቫሬኪና!» ሲሉ ቤቱ ይናወጣል። እኔ ቃሉ የእኛ በረኪና መሆኑን ስለማውቅ፣ እናቴን ደስ ለማሰኘት በአማርኛ የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ለምን ደስ እንደማይላት ግን አልገባኝም።

አባቴ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ነበር። ከአዲስ አበባ ሄዶ ጥገኝነት ካገኘ በኋላ ኦማሃ በምትባል ከተማ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠረና እኛን ለመውሰድ ወረቀት አስገባ። እሑድ እሑድ በሲኞራ ስልክ ይደውላል። ስለ ኦማሃ ስጠይቀው የሚለው ነገር አንድ ነው፤ «ጥሩ ነው፣ ሰፊ ነው።»

አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቴን «ኦማሃ የት ነው?» አልኳት።

«ሩቅ» አለችኝ።

ሲኞራ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከእሳቸው ጋር የምናወራው በጣሊያንኛ ነው፤ እኔ ለእናቴ በአማርኛ ያልኩት ውስጥ የከተማዋን ስም ለይተው ሰምተዋል። «ምን አለችሽ?» አሉኝ።

«ሩቅ ነው አለችኝ።»

«ሩቅ መልስ አይደለም። አትላሱን አምጪ።»

አትላሱ ከእኔ ደረት የሚሰፋ፣ ጀርባው አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ መጽሐፍ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እሳቸው ገጹን አያዩትም፤ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው ማዘዝ ጀመሩ።

«ጣትሽን ሮም ላይ አድርጊ።»

«አደረግኩ።»

«አሁን ወደ ግራ ሂጂ። ወደ ላይ እንዳትወጪ፣ ወደ ታችም እንዳትወርጂ።»

ባሕር ገባሁ። አንዲት ደሴት አቋረጥኩ። ስፔንን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥኩ። ከዚያ ሰማያዊ ብቻ ሆነና የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደረስኩ። «ሲኞራ፣ ውቅያኖሱ አለቀብኝ።»

«አላለቀም፤ ያለቀው ገጹ ነው። ግለጪ።»

የአሜሪካን ገጽ ካገኘሁ በኋላ ከጎን ያለውን ቁጥር እያስነበቡ ወደዚያው መስመር መለሱኝ። ኒው ዮርክን ከሥሬ ትቼ አለፍኩ። ቺካጎ ትልቅ ሐይቅ ዳር ተቀምጣ አገኘኋት። «ትንሽ ቀጥዪ፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ወንዝ አለ?»

«አለ።»

«ስሙን አንብቢ።»

«ሚ... ሱ... ሪ።»

«ብራቫ። ከወንዙ በስተግራ፣ ልክ ዳሩ ላይ ያለችውን ከተማ አንብቢ።»

ኦማሃ ነበረች። ስሙን በጣሊያንኛ ሳነበው ሃው ጠፋብኝ፤ ጣሊያንኛ ሃን አይጠራም። ሲኞራም «ኦማአ» ነው የሚሏት። ለብዙ ሳምንት ሁለት ከተሞች ያሉ መሰለኝ፤ አንዷ አባዬ የሚኖርባት ኦማሃ፣ ሌላዋ ሲኞራ የሚያውቋት ኦማአ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ኦማሃና ሮም በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው ነበር። በመስኮታችን የምትታየው ትንሿ ባቡርም ወደ መጨረሻው ጣቢያ፣ ወደ ቴርሚኒ፣ ስትሄድ ወደ ግራ ነው የምትሄደው። ሰው ባያስቆማት ቀጥ ብላ ትደርሳለች ብዬ አሰብኩ። ሐሙስ ከሰዓት ከእናቴ ጋር ስንሳፈር፣ ሁላችንም ቴርሚኒ ላይ መውረዳችን ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በየቀኑ ማለት ይቻላል ትምህርት አለ። እናቴ ካርቾፊ እየላጠች ከማድ ቤት ትሰማለች፤ አስተያየት አትሰጥም። ሲኞራ ከተማዋን ቁራጭ በቁራጭ ሰጡኝ። ነብራስካ የሚባል ግዛት ውስጥ ነች፤ በግዛቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ። ወንዙን ከተሻገርሽ ሌላ ግዛት ነው፤ አዮዋ። በዙሪያዋ ሜዳ ነው፤ በቆሎና ከብት። የባቡር ሐዲድ ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ ከዚያ አካባቢ ነው የተነሣው። ሲኞራ አሜሪካን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ከጣሊያንም የወጡት አንዴ ብቻ፣ ወደ ስዊዘርላንድ ነው። ይህን ሲነግሩኝ አላፈሩም።

አንድ ጊዜ በካርታው ላይ ከተሞች የሚታዩበትን ምልክት አስረዱኝ። ትንሽ ከተማ ነጥብ ነው፤ ትልቅ ከተማ ካሬ ነው፤ መካከለኛ ከተማ መሐሉ ባዶ የሆነ ክብ ነው። ሮም ቀይ ካሬ ነበረች። ኦማሃ ክብ ነበረች።

«መሐል ላይ ለምን ሰው የለም?» አልኳቸው።

«የት መሐል?»

«ክቡ መሐል። ነጭ ነው።»

ሲኞራ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቃቸው እንደ ሳል ነበር፤ እናቴ ውኃ ይዛ ሮጠች። «ክቡ ማለት ከሦስት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ማለት ነው» አሉኝ ሲረጋጉ። «አትላሱ ደግሞ አሮጌ ነው፤ አሁን ጨምረዋል።» እኔም አባዬ ስለተጨመረ መሆኑን አወቅኩ። እኛ ስንሄድ ደግሞ ሁለት እንጨምራለን፤ ያኔ አትላስ የሚሠሩት ሰዎች ምልክቱን መቀየር ሊኖርባቸው ነው ብዬ ሰጋሁ።

በአንድ ዝናባማ ከሰዓት «የሕዝብ ብዛት በቁጥር ብቻ አይገባም» ብለው ምስር አስመጡኝ። ሁለት እኩል ሰሃኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንደኛው ላይ ምስሩን ጥቅጥቅ አድርጌ እንድዘረጋ አዘዙኝ። «ይሄ የእኛ ሰፈር ነው። ፎቅ በፎቅ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ።» ሁለተኛው ላይ አራርቄ በተንኩ። «ይሄ ኦማአ ነው። ቦታ ሞልቷል፤ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ነው የቆመው።» በጣታቸው እየዳበሱ አረጋገጡ።

«አባዬ የትኛው ነው?» አልኳቸው።

አላመነቱም። «የት ነው የሚሠራው?»

«ሥጋ ፋብሪካ።»

«አሎራ፣ እንግዲህ ሥጋ ፋብሪካዎቹ በደቡብ በኩል ናቸው።» ከሰሃኑ ግርጌ አንዷን ምስር ነኩ። «ይቺ።»

ጎንበስ ብዬ አየኋት። አንድ ጎኗ ተፈንክቷል፤ ከሌሎቹም ራቅ ብላለች። ትንሽ ወደ መሐል ልገፋት ፈለግኩና ሥራው ቦታ እንዳይርቅበት ብዬ ተውኳት። እጄን ታጥቤ ስመለስ ሁለቱም ሰሃኖች ባዶ ናቸው።

«ምስሩስ?»

«ድስት ውስጥ» አለች እናቴ። «የእራት እኮ ነው።»

ጩኸቴን ሰምታ የጎረቤት ሴት በሩን አንኳኳች። እናቴ ምን እንደሆንኩ ሊገባት አልቻለም፤ «አባዬን ቀቀልሽው!» እላታለሁ፣ እሷ ሲኞራን ታያለች። እራት ሲቀርብ አልበላም አልኩ። ሲኞራ ሾርባቸውን በማንኪያ እያማሰሉ «እዚህ ውስጥ ያለው የእኛ ሰፈር ሰው ብቻ ነው» አሉኝ። «የኦማአዎቹን ጽጌ ለይታ አውጥታቸዋለች።»

«አዎ» አለች እናቴ ወዲያው፤ «ለይቻቸዋለሁ።»

ሁለቱ በአንድ ነገር ሲተባበሩ ያየሁት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

የፈረንጆቹ ክረምት ሲገባ አባዬ በስልክ በረዶው በሩን እንደዘጋበት ነገረን። እኔ አላመንኩትም። በአንድ መስመር ላይ ሆነን፣ እኛ ጋ ዝናብ ብቻ እየዘነበ፣ እሱ እንዴት በረዶ ይወርድበታል? ሲኞራን ስጠይቃቸው «ሮምን ባሕሩ ያሞቃታል። ኦማአ ግን ከየትኛውም ባሕር ሩቅ ነች፤ የሚያሞቃት የለም» አሉኝ። ማታ ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት።

«ኮት አለው» አለችኝ።

«ባሕር ግን የለውም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

በመጋቢት ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ተጠራን። ብዙም አልፈጀም፤ አንድ ሰውዬ በመስኮት በኩል እናቴን ጥቂት ጠየቃት፣ እኔን ፈገግ ብሎ አየኝ፣ ቪዛው እንደሚሰጠን ነገረን። እናቴ ሸሚዝ እየተኮሰች ለሲኞራ ነገረቻቸው። ሲኞራ «ቫ ቤኔ»፣ እሺ፣ ብቻ አሉ።

ያን ሳምንት ሚላኖ የሚኖረው የሲኞራ ወንድ ልጅ ደወለ። ሁልጊዜም በስልክ ይጨቃጨቃሉ፤ የሰውዬው ድምፅ ከመነጋገሪያው አልፎ ይሰማል። ያን ቀን አንድ ቃል ደጋገመ፤ «ሪኮቬሮ»። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ወደ ኋላ ለቀሩ ልጆች የሚሰጥ «ሬኩፔሮ» የሚባል ትምህርት ነበር፤ ያንን መሰለኝ። ሰው የደከመው ነገር የሚታደስበት ቦታ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ለሲኞራ ደስ ብሎኝ «ሪኮቬሮ ሲገቡ እኮ ዓይንዎ ይሻልዎታል፤ ከዚያ አትላሱን ራስዎ ያነቡታል» አልኳቸው።

እናቴ ወተቱን እየቀዳች ነበር፤ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሪኮቬሮ ማለት የአረጋውያን መጦሪያ ነው፣ ልጄ» አሉ ሲኞራ ዳቧቸውን እየቆረሱ። «እዚያ የሚገባው ሰው እንዲሻለው አይደለም። ደግሞ ያን ያህል አትጩኺ፤ ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት አትላስ አምጪ የሚለኝ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሲኞራ ራዲዮናቸውን ያዳምጣሉ። እናቴ እኛ ከሄድን ሲኞራ እዚያ ቤት ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ ነገረችኝ። ልጃቸው ሌላ ሠራተኛ የመፈለግ ትዕግሥት እንደሌለውም ነገረችኝ። እኔ አትላሱ እንደተከለከለ ቆጥሬ ሳለ አንድ ቀን ድንገት ጠሩኝ።

«አምጪው እንጂ። ተራራውን አላሳየሁሽም።»

«ኦማሃ ተራራ አለው?»

«የለውም። የሌለውንም ማወቅ አለብሽ።»

እንደ ቀድሞው ቀጠልን። ተራራ የሌለበትን አየን፤ ባሕር የሌለበትን አየን። እናቴ በዚህ ጊዜ ሥራዋን አቁማ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር።

ቪዛው እጃችን ከገባ በኋላም እናቴ ቲኬት አልቆረጠችም። አባዬ በየእሑዱ «መቼ ነው?» ይላል፤ እሷ «ገና ነው» ትለዋለች። ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አላት፣ ሥራ አላት፣ ሥጋ ሻጩ የማይረባ ቁራጭ ሲሰጣት በጣሊያንኛ ትሰድበዋለች። ለአንዲት ጓደኛዋ በስልክ «እዚህ ቢያንስ የምረግጠውን አውቀዋለሁ» ስትል ሰማኋት። እኔ ስለ ወለሉ የምታወራ መሰለኝ፤ በየቀኑ ስለምትወለውለው።

ከፋሲካ በኋላ በነበረ እሑድ ሲኞራ አንድ ጥያቄ ሰጡኝ። «ወንዙ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አባትሽን ጠይቂው። እኔ ያነበብኩትን ነው የማውቀው፤ ያየ ሰው ይንገረን።» ሲደውል መጀመሪያ ስልኩን እኔ አነሣሁት።

«አባዬ፣ ወንዙ ምን ይመስላል?»

«የምን ወንዝ?»

«ሚዙሪ። ከተማው ዳር ያለው።»

«እዚህ ወንዝ ያለ አይመስለኝም፣ ናርዲዬ።»

«አለ! አንተ በምዕራቡ በኩል ነህ። ስትሻገረው አዮዋ ነው።»

«አዮዋን አውቀዋለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ከዚያ ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ ምን ተሻግሮ ነው የሚመጣው?»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። «እኔ እንጃ። ሲመሽ ሥራ እገባለሁ፣ ሲነጋ እወጣለሁ። ከዚያ እተኛለሁ፣ የኔ ልጅ።»

«ምን አለ?» አሉኝ ሲኞራ ከወንበራቸው።

«ወንዝ የለም አለ።»

«አለ እንጂ!»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ወንዝ ዳር ተቀምጠህ ወንዙን አላየኸውም?» አለችው፤ መጀመሪያ የምትስቅ ትመስል ነበር። እሱ ረጅም ነገር ተናገረ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ታዳምጣለች፤ አልፎ አልፎ አጭር ጥያቄ ትጠይቃለች። «የምትበላውስ?... ማን ይመጣል ቤትህ?... እሑድ እሑድስ?» መጨረሻ ላይ «እሺ» አለችና ዘጋች። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ይሄ ሰውዬ የት እንዳለ አያውቅም» አለችኝ። ከዚያ በጣሊያንኛ «ሲኞራ፣ መሄዴ ነው» አለቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ሲኞራ። «ወንዝ የለም ሲል ነው ያወቅኩት።»

በማግስቱ እናቴ ራሷ ሚላኖ ደወለች። ለዚያ ሰውዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። «ሪኮቬሮ አይገቡም። ሰው አመጣለሁ፤ ሥራውን ራሴ አሳያታለሁ፤ እስክትለምድ አልሄድም» አለችው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወርቅነሽ የምትባል፣ ሮም ከገባች ብዙ ያልቆየች ሴት ይዛ መጣች።

ሲኞራ ሁለት ጥያቄ ጠይቀዋት መልስ ሲያጡ ተቆጡ። «ጽጌ፣ ይቺ ሴት ጣሊያንኛ አትችልም!»

«እኔስ ስመጣ እችል ነበር? ማን አስተማረኝ?»

ሲኞራ አትላሱን እንዳመጣ አዘዙኝ፤ ወርቅነሽ የተወለደችበትን እንድታሳያቸው ፈለጉ። ጣና ሐይቅን አገኘነው፤ የእሷ ከተማ ግን የለችም። ሲኞራ በአትላሱ ተናደዱ እንጂ በወርቅነሽ አልተናደዱም። ያን ጊዜ የእናቴ ትከሻ ወረድ ሲል አየሁ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄድን። ጠዋት ነበር። ሻንጣዎቹ በር ላይ ቆመዋል፤ እናቴ ለወርቅነሽ የዓይን ጠብታውን ለመጨረሻ ጊዜ እያሳየቻት ነው። ሲኞራ ማንም ሳይደግፋቸው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ፣ የጆሮ ጌጣቸውን አድርገው ወደ በሩ መጡ። የእኔን ጭንቅላት ዳበሱ። ከዚያ እጃቸውን ወደ እናቴ ዘረጉ።

«ሲኞራ ጽጌ፣ መልካም መንገድ ይሁንልዎ። ደክሞዎታል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ይተኙ።»

እናቴ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ሻንጣውን አነሣችና ወጣን።

እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴ ሲኞራን እርስዎ ትላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ አንቺ ይሏታል። «ሲኞራ» ብለው ጠርተዋትም አያውቁም። እናቴ እኔን እርስዎ የምትለኝ ክፉኛ ስትናደድብኝ ብቻ ነው፤ «እርስዎ ደግሞ መቼ ሊነሡ አስበዋል?» ስትል ከአልጋው ዘልዬ እወርዳለሁ። ስለዚህ ደረጃው መሐል ስንደርስ እጅጌዋን ጎተትኩ።

«ምን አድርገሻቸው ነው? ለምን ተቆጡሽ?»

እናቴ ሻንጣውን አስቀመጠችና እላዩ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች።

«አልተቆጡኝም» አለች።

በሰዓት የሚሠራው የደረጃው መብራት ቀጭ ብሎ ጠፋ። ላበራው ስሄድ እጄን ይዛ አስቀረችኝ። ከላይ፣ ሲኞራ የቆሙበት በር ገና አልተዘጋም ነበር።